ፊቴ ባይቀላም ደክሞኛል

እህቶቼ፣ በዚህ እትም ታሪክ ላወጋችሁ ነው የመጣሁት። ታሪክ ስላችሁ የነገሥታትና የጦርነት አይደለም። ሰው ሲሮጥ፣ ሲሸከም፣ ደረጃ ሲወጣ ፊቱ ለምን እንደሚቀላ የሰው ልጅ እንዴት እንደደረሰበት የሚያወራ ታሪክ ነው። "ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የምትል ካለች ትንሽ ትታገሰኝ። እኔም ነገሩን መጠየቅ የጀመርኩት ውሃ ተሸክሜ ደረጃ ላይ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በነሐሴ ነው። የቤሩትን ነሐሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሊፍቱም ቬንቲሌተሩም አብረው ይቆማሉ። የምሠራበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ትልልቅ የመጠጥ ውሃ ጋሎን ከታች አንድ በአንድ ተሸክሜ አወጣሁ። ሁለተኛውን ወጥ ቤት ሳስቀምጥ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታ ነበር።

እዚያው እንዳለሁ የቤቱ ልጅ ከጂም ተመለሰች። እሷም ደረጃውን በእግሯ ነው የወጣችው። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ ጉንጯ፣ ግንባሯ፣ አንገቷ ሳይቀር ቀልቷል። ማዳም ደነገጠች። "ነይ ተቀመጪ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ አስቀመጠቻትና እኔን ቀዝቃዛ ውሃ አምጪ አለችኝ። አመጣሁ። ልጅቷ ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ "እሷም እኮ ተሸክማ ነው የወጣችው፤ እሷም ትጠጣ" አለች። ማዳም ቀና ብላ አየችኝ። "እሷ ምንም አልሆነችም፤ ፊቷ እንኳን አልቀላም። እነሱ ሙቀቱን ለምደውታል" አለች።

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔም መልስ አጣሁ። ማታ ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ውስጥ ፊቴን ስመለከት ቆየሁ። እውነትም ቀይ አይደለም። ታዲያ እንደ እሳት ያቃጥለኝ የነበረው ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ በእረፍት ቀኔ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። አገር ቤት ነርስ የነበረች እህታችንም ያልገባኝን አስረዳችኝ። ያገኘሁት ይኸውላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ደሙ ወዴት ይሄዳል?

ፊትን የሚያቀላው ደም ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ሰው ያወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ጋለን፣ ደም በጉበት ውስጥ እየተሠራ እንደ መስኖ ውሃ ወደ ሰውነት ፈስሶ እዚያው ያልቃል ብሎ አስተምሮ ነበር። በልብ ቀኝና ግራ መካከል ባለው ግድግዳም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ ይል ነበር። ይህ ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ።

ይህን በድፍረት ስህተት ነው ካሉት ሰዎች አንዱ የዚህ የእኛ መሥሪያ አካባቢ ሰው ነው። ኢብን አን-ነፊስ ይባላል። በ1213 ደማስቆ አካባቢ ተወልዶ፣ ካይሮ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ሠርቶ፣ በ1288 አረፈ። በ1242 በጻፈው መጽሐፍ፣ በልብ መካከል ቀዳዳ የለም፤ ደሙ ከልብ ቀኝ በኩል ወጥቶ፣ በሳንባ አልፎ፣ ወደ ግራ ይመለሳል አለ። ጽሑፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደግሞ በ1628 ደም በመላው ሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በመጽሐፍ አሳወቀ።

እንግዲህ ደሙ የሚዞር ከሆነ፣ ልብ በፍጥነት ስትመታ እሱም በፍጥነት ይዞራል ማለት ነው። ግን ለምን ወደ ፊት? ለምን ወደ ቆዳ? የዚህ መልስ ገና ነበር።

እንቁላሉ የበሰለበት ክፍል

በ1774 ለንደን ውስጥ ቻርለስ ብላግደን የሚባል ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር አንድ እንግዳ ነገር አደረገ። አንድ ክፍል በእሳት አሙቀው ገቡበት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ኋላ ግን ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስኪደርስ አነደዱት። እንቁላልና ሥጋም ይዘው ነበር የገቡት። እንቁላሉ ጠነከረ፤ ሥጋው ከልክ በላይ በሰለ። ሰዎቹ ግን በዚያው አየር ውስጥ ለደቂቃዎች ቆመው በሰላም ወጡ። የሰውነታቸው ሙቀት ሲለካ ብዙ አልተለወጠም ነበር።

ሥጋው በስሎ ሰውየው ያልበሰለው ለምንድን ነው? ሰውየው በሕይወት ስላለ ራሱን ያቀዘቅዛል። በላብ ነው የሚያቀዘቅዘው። ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ደረቅ ሙቀት ከእርጥብ ሙቀት ይሻላል። የአገራችን ቆላ ሰው ቤሩት ወይም ጅዳ መጥቶ "ይሄኛው ሙቀት ሌላ ነው" የሚለው እውነቱን ነው። አየሩ ራሱ በውሃ ስለተሞላ ላቡ የሚተንበት ቦታ የለውም፤ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ሳይንቲስት በ1905 ይህን በቁጥር አሳየ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ ከ31 ዲግሪ ገደማ በላይ ካነበበ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳን የሰውነቱ ሙቀት መጨመር ይጀምራል አለ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው ያልኳችሁ፤ ምንጣፍ የሚያጥበውን አይደለም።

ስለ ብላግደን ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። እነዚያ ሰዎች ሲበቃቸው በሩን ከፍተው ወጡ። ሙከራው በእጃቸው ነበር። ከእኛ ውስጥ በሩ የማይከፈትላት ስንት አለች?

የጥንቸሏ ጆሮ

ፊት ለምን እንደሚቀላ በር የከፈተው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ነው። በ1851 አካባቢ በጥንቸል አንገት ውስጥ የሚያልፈውን አንዱን ነርቭ ቆረጠ። ያን ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ጆሮ ቀላ፤ ሲነኩትም ይሞቃል። ሌላኛው ጆሮ እንደነበረ ነው። ብዙም ሳይቆይ ነርቩን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ጆሮው ተመልሶ ነጣ፣ ቀዘቀዘም። በቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በነርቭ ትእዛዝ የሚጠብቡና የሚሰፉ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

የቀረውን ከእሱ በኋላ የመጡት ሞሉት። ስንሠራ ጡንቻችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ውስጥ ትልቁ እጅ ሥራ አይሆንም፤ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያ ሙቀት ካልወጣ ይገድላል። ስለዚህ አንጎል ያዛል፤ የቆዳ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ትኩስ ደም ከውስጥ ወደ ቆዳ ይወጣና ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል። ዕረፍት ላይ ስንሆን ወደ ቆዳችን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። በከባድ ሙቀት ግን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በሰውነታችን ያለው ደም በሙሉ 5 ሊትር ገደማ ነው፤ ያው ደም ነው እየተመላለሰ ይህን ሁሉ የሚሠራው። ልብም ለጡንቻውም ለቆዳውም ለማድረስ ትጣደፋለች። ጆሮዬ ውስጥ ስትመታ የሰማኋት ለዚህ ነው።

ፊት ላይ የደም ሥሮቹ ብዙ ናቸው፤ ለላይኛው ቆዳም ቅርብ ናቸው። ነጭ ሰው ሲሮጥ ፊቱ የሚቀላው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታ አይደለም፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው ማለት ነው። ካረፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቀዋል።

እኛስ? እህቶቼ፣ እኛም እንደዚያው ነን። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም የሚገኘው ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ላይ ነው፤ ደም ሥሮቹ ከእሱ በታች ናቸው። እንደ መጋረጃ አስቡት። ክፍሉ ውስጥ መብራት በርቷል፤ መጋረጃው ቀጭን ከሆነ ከውጭ ይታያል፤ ወፍራም ከሆነ አይታይም። መብራቱ ግን በርቷል። ከመካከላችን ቀይ የሆነችው መቅላቷ ይታይባታል፤ ጠይሟ ትንሽ ጠቆር ትላለች፤ ጥቁሯ ወዟ ብቻ ይታያል። የልጅቷን ፊት ያቀላው ሥራ እኔ ፊት ውስጥም ሲሠራ ነበር። ማዳም መጋረጃውን አይታ መብራቱ ጠፍቷል አለች።

ጠባሳዋ የመሰከረላት ሴት

ይህን ስሕተት የጀመረችው የእኔዋ ማዳም አይደለችም። በድሮው ዘመን አውሮፓውያን ስለ ፊት መቅላት ሲጽፉ ከሐፍረት ጋር ያያይዙት ነበር። በደቡብ አሜሪካ የነበሩ ስፔናውያን፣ ሲያፍር ፊቱ የማይቀላ ሰው እንዴት ይታመናል እያሉ በአገሬው ሕዝብ ላይ ያፌዙ እንደነበር ተጽፏል። አስቡት፤ የቆዳ ቀለም የሸፈነውን ነገር "ኅሊና የለውም" ብለው ተረጎሙት።

ቻርለስ ዳርዊን በ1867 በሩቅ አገር ለሚኖሩ ሚስዮናውያንና ሌሎች ሰዎች 16 ጥያቄዎች ላከ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የቆዳው ቀለም የሚያሳይ ሲሆን የአገሬው ሰው በሐፍረት ይቀላል ወይ የሚል ነበር። በ1872 ባወጣው መጽሐፉም፣ መቅላት የሰው ልጆች ሁሉ ሳይሆን አይቀርም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ባይታይም አለ ሲል ደመደመ። ማስረጃ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ሐኪሙ ቶማስ በርጀስ በ1839 የጻፈው ነው። በርጀስ ፊቷ ላይ ጠባሳ ያለባት አንዲት ጥቁር ሴት ብዙ ጊዜ አይቶ ነበር። ጠባሳው ቀለም ስለሌለው ነጣ ያለ ነው። ታዲያ ሴትዮዋን በድንገት ሲናገሯት፣ ወይም በትንሽ ጥፋት ሲከሷት፣ ያ ጠባሳ በአንድ ጊዜ ይቀላ ነበር።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የሴትዮዋን ስም ዳርዊን አልጻፈውም። ማን እንደተናገራት፣ በምን እንደከሰሳትም አልተጻፈም። ግን ያቺን ሴት እኔ አውቃታለሁ። "ብርጭቆውን ማን ሰበረው?" ስትባል ደሟ ፊቷ ላይ የሚወጣ፣ ግን ማንም የማያይላት ሴት ናት። የሳይንስ ሰዎች የተሰማትን ያመኑት መጋረጃው በተቀደደባት ቦታ ብቻ ነው።

የታየባቸውም፣ ያልታየብንም

ሴት ልጅ በሩጫ መድከሟን ሰው እንዴት አየው የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1928 የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ጋዜጦች ግን ስለ ክብረ ወሰኑ ትተው፣ ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፣ ሩጫው ለሴት አይሆንም ብለው አጋነኑ። ከሩጫ በኋላ ወንድም ይደክማል፤ ወንድም መሬት ላይ ይዘረጋል። ለሴቶቹ ግን 800 ሜትር ለ32 ዓመት ተከለከለ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ፣ የእኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት ኦሎምፒክ ነው። የሴቶች ማራቶን ደግሞ እስከ 1984 መጠበቅ ነበረበት።

በዚያ በ1984 የሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የስዊዘርላንዷ ጋብሪየላ አንደርሰን-ሺስ በሙቀት ተመትታ እየተንገዳገደች ስታዲየም ገባች። ሐኪሞቹ ቀርበው ተመለከቷት። ላብ እያላባት መሆኑን ሲያዩ ሰውነቷ ገና ራሱን እያቀዘቀዘ ነው ብለው እንድትቀጥል ተዉአት። 37ኛ ሆና ጨረሰች፤ ተርፋም ወጣች። እነዚያ ሐኪሞች የፈለጉት የፊት ቀለም ሳይሆን ላብን ነበር።

ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ አሸነፈች። ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ናት፤ የለያያቸው ከ6 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሁለቱም ያን ሁሉ ዙር በአንድ አየር ውስጥ ሮጠዋል፤ የሁለቱም ደም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ቆዳቸው ወጥቷል። ደራርቱን ግን "ፊቷ ስላልቀላ አልደከማትም" የሚል ሰው ቢገኝ አገር ይስቅበት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ይህ ነው። ድካማቸው የታየባቸው ሴቶች "አትችሉም" ተባሉ። ድካማችን ያልታየብን እኛ ደግሞ "አይሰማችሁም" ተባልን። በአሜሪካ የባርነት ዘመንም ጥቁር ሰው ለሙቀት የተፈጠረ ነው እየተባለ በጠራራ ፀሐይ ጥጥ እንዲለቅም ይደረግ ነበር። ሁለቱም አባባል የተነሳው ፊት ላይ ተመልክቶ ከመፍረድ ነው። ሰውየዋን የጠየቃት የለም።

የእኛ ቋንቋ በዚህ በኩል ብልህ ነው። አማርኛ ድካምን በቅላት አይለካም። "በላቧ አደረች፣ በወዟ በላች" እንላለን። በደርግ ጊዜ ሠራተኛውን "ላብ አደር" እና "ወዝ አደር" አሉት እንጂ "ፊተ ቀይ" አላሉትም። ላብ በሁሉም ቆዳ ላይ ይታያል። ለማየት ለፈለገ ማለቴ ነው።

መጽሐፉም ሕጉም

ይህ ነገር ድሮ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን መልስ በደረጃ ሲከፋፍል መጀመሪያ ያሰበው ስለ ነጭ ቆዳ ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። ጣት ላይ እየተሰካ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ እንደሚስት አንድ የአሜሪካ ጥናት በ2020 አሳይቷል። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ማሎኔ ሙክዌንዴ የሚባል ዚምባብዌ የተወለደ የሕክምና ተማሪ፣ የበሽታ ምልክቶች በጥቁርና ቡናማ ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ከመምህራኑ ጋር አዘጋጀ። ተማሪው ክፍል ውስጥ፣ ይህ ምልክት እንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ ምን ይመስላል ብሎ ስለጠየቀ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ሕጉንም እንየው። ኩዌት ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 31 ድረስ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ውጭ ፀሐይ ላይ መሥራትን ትከለክላለች። ኳታርም ከ2021 ጀምሮ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከልክላለች። ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው። ለግንባታ ሠራተኛ ወንድሞቻችን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያወራው ስለ ሜዳ ሥራ ነው። ምድጃ ፊት የምትቆመዋ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የምትተኩሰዋ ጣሪያ ስላላት ብቻ ከሕጉ ውጭ ናት። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ጭራሽ ከሕጉ አውጥቷታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ባወጣው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ እንደሚገባት ተጽፏል፤ ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። ፊታችን ላይ የማይታየው ሙቀት ሕጉም ላይ አይታይም።

እርስ በርሳችን እንተያይ

ሌላው ባያይልን እርስ በርሳችን መተያየት እንችላለን። ነርሷ እህታችን የነገረችኝን ላካፍላችሁ።

ቀለም አትጠብቁ፤ በእጅ ንኩ። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አንገት ይሞቃል ወይ? ልብ ዕረፍት ካደረጉ በኋላም ትጣደፋለች ወይ? ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ሽንት መጥቆር ካለ ሰውነት ውሃ አጥሮታል፤ ሙቀቱም እያሸነፈ ነው። ያን ጊዜ ሥራ ማቆም፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መቀመጥ፣ ልብስ ማላላት፣ ውሃ ቀስ እያሉ መጠጣት፣ አንገትንና ብብትን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ነው። እርጥብ ጨርቁ ላይ ነፋስ ከተጨመረ ይበልጥ ይረዳል፤ የብላግደን ክፍል ትምህርት ይኸው ነው።

ንግግሯ ከተምታታ፣ የት እንዳለች ካላወቀች፣ ከወደቀች ግን ይህ ድካም አይደለም። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሞት ነው። ቆዳዋ ደረቀም ላብ ኖረው ልዩነት የለውም። ራሷን ላላወቀች ሴት በአፏ ውሃ አታፍስሱባት፤ ልብሷን አርጥባችሁ አራግቡላት፤ ሊባኖስ ያላችሁ ወዲያው 140፣ ቀይ መስቀልን ጥሩ። አገር ቤት "ምች መታት" ብለን ዳማከሴ እናሽ ነበር። ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን አምቡላንሱን አያስቀርም።

ሌላም አለ። ከዕረፍት በኋላ የማይለቅ፣ ቀናት የሚቆይ የፊት ማቃጠልና ሽፍታ ካለ የድካም ቅላት አይደለም፤ ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቅላቱ በእኛ ቆዳ ላይ ስለማይጎላ ሐኪምም ሊያልፈው ይችላል። "ቀይ አይደለም፣ ግን ያቃጥለኛል" ብላችሁ በአፋችሁ ተናገሩ።

በአፍ መናገር ላልኩት የራሴን ልጨርስላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ እንደገና መብራት ጠፋ፤ እንደገና ጋሎን። አንዱን አውጥቼ ማዳም ፊት ቆምኩና "ማዳም፣ እጅሽን ግንባሬ ላይ አድርጊው" አልኳት። ግራ ገባት። "እባክሽ" አልኩ። አደረገችው። ወዲያው እጇን ሰብሰብ አደረገች። "ትቃጠያለሽ እኮ!" አለች። "ባለፈው ዓመትም እንደዚሁ ነበርኩ፤ እኔ ላይ አይታይም እንጂ እንደ ልጅሽ ነኝ" አልኳት።

ተዓምር አልሆነም። ደመወዜ አልጨመረም፤ ፎቁም አልቀነሰም። ሁለተኛውን ጋሎን ግን በዚያ ቀን አላወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ውሃ የማመጣው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ ስመለስም መጀመሪያ ተቀምጬ እጠጣለሁ። ልጅቷም ከጂም ስትመለስ ሁለት ብርጭቆ ትቀዳለች።